ክፉው ወንድም ከገጹ ሲወርድ

አናጺው የማለዳውን ሰጋቱራ ጠርጎ ሳይጨርስ ስልኩ ድምፅ ሰጠ። መነጽሩን ከግንባሩ ወደ አፍንጫው አውርዶ፣ እንደ ልማዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ። «ጽሑፍዎ የድረ ገጹን ደንብ በመተላለፉ ተነሥቷል» ይላል። ፊደል የቆጠረው በስተርጅና ነውና ጥፋቱን መጀመሪያ ከራሱ ንባብ ፈለገ። ደግሞ ቢያነበውም ያው ነው። ገጹን ከፈተ። በየሳምንቱ ሲያወጣው የቆየው ታሪክ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኗል፤ አንባቢዎች የጻፉለት አስተያየትም አብሮ ሄዷል።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አንድ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። 

በርጩማ እንኳ ሞልቶታል። በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ዕቃ ብቻ ነው፤ በርጩማ፣ መደርደሪያ፣ የመስተዋት ክፈፍ። ድሮ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲሠሩ የሰፈሩ ቁም ሳጥን ሁሉ የእነሱ የእጅ ሥራ ነበር። አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ይዘው «ቀና አርገው፣ ዝቅ አርገው» እየተባባሉ በበሩ ያወጡት ነበር። አሁን ወርክሾፑ በጣውላ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። ግድግዳውን የሠራው ታናሹ ነው። ከወዲያ የታላቁ መዶሻ ይሰማል፤ ሰላምታ ግን አያልፍበትም።

ጠቡን ያመጣው ትምህርት ነው። ታናሹ ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ የማታ ትምህርት ጀመረ። አንድ ቀን መላጊያውን አስቀምጦ ደብተሩን ቢገልጥ፣ ፊደል የማያውቀው ታላቁ «ካረጁ አይበጁ! ይኸው ወንድሜ ጣውላ መላግ ትቶ ሀሁን ሊልግ ነው» አለና በደንበኞች ፊት ሳቀበት። ደንበኞቹም ሳቁ፤ ታላቁም ቀልዱን ደጋገመው። ታናሹ ያንኑ ሳምንት ግድግዳውን አቆመ።

መጻፍ ሲችልም መጀመሪያ የጻፈው ያንን ሳቅ ነበር። ስሞቹን ለውጦ፣ የሁለት አናጺ ወንድማማቾች ታሪክ ብሎ ድረ ገጹ ላይ አወጣው። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነበር፤ ሰውም ወደደለት። አንዱ አንባቢ «ይሄ ታላቅ ወንድም ግን ዝም ሊባል ነው?» ብሎ ጻፈ። አናጺው «ገና ምኑ ታይቶ» ብሎ መለሰለትና በሚቀጥለው ክፍል ታላቁን ጣውላ አሰረቀው። አድናቆቱ በረታ። ከዚያ እናቱን ከቤት እንዲያስወጣ አደረገው። ጭብጨባ የለመደ ሰው ማቆም አይሆንለትምና በመጨረሻ ወርክሾፑን ራሱን አስለኮሰው።

እውነተኛው ታላቅ ወንድም ግን የወደቀ ሚስማር ቢያገኝ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ እናታቸውን እስከ ዕለተ ሞቷ በክንዱ ደግፎ የጦረ ሰው ነበር። አናጺው ይህን ያውቃል። ሲጽፍ ግን ይረሳዋል። ደግሞም ከስሙ በቀር የለወጠው ነገር የለም፤ የታላቁን ማነከስ፣ ጆሮው ላይ የሚሰካውን እርሳስ፣ ሲናደድ የሚያፏጨውን ፉጨት ሳይቀር አስፍሯል።

ልብስ ሰፊ ሚስቱ እያንዳንዱን ክፍል ታነብ ነበር። «ሰውዬ፣ ይሄን ነገር አውርደው» ብላዋለች።

«ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«ልብ ወለድ ጆሮው ላይ እርሳስ አይሰካም።»

አልሰማትም።

አሁን ከማስታወቂያው ግርጌ «ይግባኝ» የሚል ቁልፍ አየ። ሙጫ የነካውን ጣቱን በሱሪው ጠርጎ «የተከበራችሁ የገጹ ኃላፊዎች፤ በላቤ ተምሬ የጻፍኩትን ጽሑፍ» ብሎ እንደ ጀመረ የወንድሙ ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ነርስ ናት። አባቷና አጎቷ ቢኮራረፉም እሷ ከሁለቱም ቤት ቀርታ አታውቅም። ለተከራየችው ክፍል ቁም ሳጥን ሥሩልኝ ብላ ሁለቱንም ለምናለች፤ ሁለቱም «ለብቻዬ አይነሣም» ብለው መልሰዋታል።

«አጎቴ፣ እርስዎስ ጉደኛ ነዎት» አለችው።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ደራሲ መሆንዎን ከሥራ ባልደረባዬ ልስማ? ስለ ሁለት አናጺ ወንድማማቾች ነው አለችኝ። ለአባዬ ብነግረው ‹ወንድሜ ጻፈ?› እያለ ሲጠይቀኝ አመሸ። ዛሬ ላነብለት ቀጥሬው ንጹሕ ኮቱን ለብሶ፣ ወንበሩን መስኮቱ ሥር አስጠግቶ ጠበቀኝ።»

አናጺው ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፋው። «አነበብሽለት?»

«ምኑን? ብከፍተው የለም። ተነሥቷል ይላል።»

«ባልደረባሽስ ታሪኩን አልነገረችሽም?»

«‹አላበላሽብሽም፣ ራስሽ አንብቢው› አለችኝ። ምነው አጎቴ፣ አመመዎት እንዴ?»

አናጺውን ከደረቱ ላይ ግንድ ያነሡለት ያህል ቀለለው። «ተመስገን» አለ።

«የጠፋው የእርስዎ ታሪክ ነው እኮ።»

«ገብቶኛል። ተመስገን።»

ተነሥቶ ከወርክሾፑ በስተኋላ ሚስቱ ወደምትሰፋበት ጓዳ ገባ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ሰማሽ?» አላት ሚስቱን።

«ሰማሁ።»

«ማን ጠቁሞብኝ ይሆን?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እኔ ነኛ» አለችው።

«አንቺ?»

«ልጅቱ ትናንት ለአባዬ ላነብለት ነው ስትለኝ ምን ላድርግ? አንተ እንደሆን ጆሮ የለህም። ‹በሕይወት ያለ ሰው ስም ያጠፋል› የሚለውን ተጫንኩ። ምክንያት ጻፊ ሲለኝም ‹ሰውየው ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም ነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም› ብዬ ጻፍኩ።»

«የገዛ ባልሽን ከሰስሽ።»

«ባሌን ከደራሲው አስጣልኩት።»

ሊቆጣ ፈለገ። ሳቅ ቀደመው። እሷም ሳቋን ደብቃ መኪናዋን መታች።

አናጺው ፊቱን ታጥቦ፣ ልጅቱን አስከትሎ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ታላቁ እንደተባለው ኮቱን ለብሶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እርሳሱ ከጆሮው አልወረደም።

«ደራሲው መጣ?»

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

«ጠፋ አሉኝ። ሁሉም?»

«አንድም አልተረፈ።»

«ያሳዝናል» አለ ታላቁ፤ ከልቡ ነበር። «ሠርተህ የጨረስከው ዕቃ እጅህ ላይ እንደ መሰበር ነው።»

«ጠማማ ነበር፣ ጋሼ። መሰበሩ ደግ ነው።»

«እንግዲያው በአፍህ ንገረኝ። በከንቱማ ኮት አልለበስኩም።»

አናጺው ተቀመጠና የመጀመሪያውን ክፍል ነገረው። የቁም ሳጥኖቹን፣ ከወዲህና ከወዲያ መያዙን፣ ደብተሩን፣ ሳቁን። እዚያ ላይ አቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው አልሆነምና የሚናገረው አልነበረውም።

ታላቁ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ ሲያገላብጥ ቆየ። «ቀልዱን አንዴ ብዬ ልተወው ነበር» አለ። «ሰዎቹ ሲስቁልኝ ጊዜ ጣፈጠኝና ቀጠልኩ።»

ታናሹ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አውቀዋለሁ» አለ። «ይጣፍጣል።»

«አንተ ደግሞ የት አየኸው?»

«ትንሽ ቀምሼዋለሁ።»

ታላቁ አልገባውም። እርሳሱን መልሶ ሰካና «ቁመናዬንስ አሳምረህልኛል?» አለ።

«ሲያነክስም ያምርበታል ብያለሁ።»

«ውሸታም» አለ ታላቁ ፊቱ እያበራ። «መጨረሻውስ?»

«አልደረስኩበትም።»

«እኔ እነግራችኋለሁ» አለች ልጅቱ። «ልብሴ ወንበር ላይ ተከምሯል።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ወርክሾፑ በር ላይ ቆመው ስፋቱን ለኩ።

«በዚህ በር ቁም ሳጥን አይወጣም» አለ ታላቁ። «ግድግዳህ ነው ያጠበበው።»

«በምሬት የተሠራ ነው፤ በዋዛ አይፈርስም።»

«ጣውላው ግን ደርቋል። ለቁም ሳጥኑ ጀርባ ይሆናል።»

አናጺው የሚስማር መንቀያውን ሊያነሣ ሲጎነበስ ስልኩ ከኪሱ ወደቀ። ጅምሩ ይግባኝ እንዳለ ነው፤ «ይላክ?» ይላል። አጠፋውና ስልኩን መደርደሪያው ላይ ከሙጫው ጣሳ አጠገብ አኖረው።

«ያዝ እንጂ» አለ ታላቁ ከወዲያ በኩል። «ቀና አርገው። ኧረ ዝቅ! ደራሲ ከሆንክ ወዲህ እጅህ ሰነፈ።»