ስምንት ሳምንት የሚፈጀው ሞላ

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ አንዲት አሮጌ ባለሁለት በር መኪና ከጎኔ መጥታ ቆመች። ሞተሯ ሲያጉረመርም የኔ መኪና መስታወት ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። የቤንዚኗ ሽታ በመስኮቴ ገባ። እንዲህ ዓይነቷን መኪና ሰው ሲያይ ፊቷን ነው የሚያየው፤ ቀለሟን፣ ኒኬሏን፣ ሰፊ አፏን። የኔ ዓይን ግን የሚሄደው ወደ ኋላ እግሯ ነው። መብራቱ ተቀይሮ ስትነሳ ቂጧ ዝቅ ብሎ የኋላ ጎማዋ ሁለት ጊዜ ዘለለ። ባሌስትራዋ ደክሟል አልኩ ለብቻዬ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም።

ባሌስትራ ምን እንደሆነ ያወቅኩት የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ ዌስትውድ አንዲት ያረጀች ፈረንጅ ትንከባከባለች፤ የምንኖረው ፓልምስ ሰፈር ነው። አባቴ ለራሱ ብሎ ነገር የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ ጫማው እንኳ ካልተቀደደ አይቀይርም። አሜሪካ በገባ ሰሞን ሆቴል በር ላይ የእንግዳ መኪና ማቆም ነበር ሥራው። አንድ ቀን የእንዲህ ያለች መኪና ቁልፍ ተሰጠውና ከበሩ እስከ ማቆሚያው ነዳት። አርባ ሜትር ቢሆን ነው። ያችን አርባ ሜትር ሃያ ዓመት ሲያወራት ኖረ። በኋላ ሎንግ ቢች ውስጥ ባሏ ከሞተባት ሴት ያንኑ ዓይነት መኪና ገዝቶ፣ በዕድሜ እኔን እጥፍ የምትበልጥ ሰማያዊ መኪና፣ በተጎታች አስጭኖ መጣ። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ወንበሩን በጨርቅ ስትወለውል አገኘኋት።

መኪናዋ የምትታደሰው ከፌርፋክስ ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ የአባቴ ጓደኛ ነው፤ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሲጠግን ኖሮ እዚህ ያረጀ መካኒክ። ሞተሩ ታድሶ መነሳት ጀምሮ ነበር። የቀረው የኋላ እግሯ ብቻ ነው። በሆዷ ስር የሚተኛው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ አንዱ ተሰንጥቆ ሌላው ተለጥጦ አልቆለት ነበር። እሱ ሳይቀየር ከጋራዡ በር አታልፍም።

በዚያው ሰሞን አባቴን ወገቡን ያመው ጀመር።

"ሃያ ዓመት ታክሲ ላይ የተቀመጠ ወገብ ታዲያ ምን ይሁን ብላችሁ ነው?" እያለ ይስቅብን ነበር። መሳቁ ሲቀንስ ሆስፒታል ወሰድነው። እንግሊዝኛው ለተሳፋሪ ይበቃል፤ ሐኪም ፊት ግን ይሸሸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ሲሰጡት፣ "ቴል ማይ ሰን፤ ለሱ ንገሩት፣ እሱ ይነግረኛል" ብሎ ፈረመ። ብዕሩን እየመለሰ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የዚያን እጅ ክብደት እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።

ሐኪሟ እኔንና እናቴን ለብቻ ጠርታ ነገረችን። ካንሰር ነው፤ ከጉበቱ ተነስቶ አከርካሪው ውስጥ ገብቷል። ሦስት ወር፤ ቢበዛ አራት። እናቴ አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ ኮሌታዬን ይዛ ወደ ግድግዳው አስጠጋችኝ።

"እኔ ልሙትልህ፣ እንዳትነግረው" አለችኝ። "ሰውን የሚገድለው በሽታ አይደለም፤ ተስፋ መቁረጥ ነው። የእሱንም አባት ነግረው ነው የገደሏቸው።"

ይህን ለፈረንጅ ጓደኞቼ ስነግራቸው ጭካኔ ይመስላቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ክፉ ወሬ በሽተኛ ላይ አይጫንም። የሞተ ሰው መርዶ እንኳ ነጋሪ ተመርጦለት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው። እኔም አልተከራከርኳትም። ወደ ክፍሉ ገብቼ የወገብህ አጥንት ተቆጥቷል፣ መድኃኒት አዘውልሃል፣ ቀስ እያለ ይድናል አልኩት።

"አላልኳችሁም!" አለ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጋራዡ ሄድን። ፀሐይዋ ከፍ ብላ በተከፈተው በር እስከ መኪናዋ ሆድ ድረስ ገብታለች። መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ በብረት እግሮች ላይ አስቀምጦ ይጠብቀን ነበር።

"ሶ፣ ምርጫህ ሁለት ነው" አለ እጁን እየጠረገ። "አንደኛው አዲስ ባሌስትራ ነው። አንድ ብረት ደርቤበት፣ አሞርዛተሩን ቀይሬ ሐሙስ ድራይቭ አድርገህ ትወስዳታለህ። እንደ ጭነት መኪና ትንሽ ትደርቅብሃለች እንጂ ትሄዳለች። ሁለተኛው ባሌስትራውን ጨርሶ ማውጣት ነው። አክስሉን በአራት ዘንግ አስሬ በሞላ፣ በዚህ በሚጠቀለለው ብረት፣ አቆማታለሁ። ጉድጓድ አታውቅም፤ ስትነሳም አትዘልም። ግን ኦርደር ነው የሚደረገው። ሲክስ ዊክ፣ ምናልባት ኤይት።"

ሐሙስ ማለት አባቴ ይነዳታል ማለት ነው። ስምንት ሳምንት ማለት ላይነዳት ይችላል ማለት ነው። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ መከራውን አይቶ አጎነበሰና በባትሪ ከስር ከስሯ አየ።

"ለወገቤ የቱ ይሻላል?"

"ለወገብህማ ሞላው ነው።"

"ስንት ዓመት ያገለግለኛል?"

"እሱ እኔንም አንተንም ይቀብራል!" አለ መካኒኩ። ሁለቱም ሳቁ። አባቴ በሳቁ መሃል ወገቡን ያዘ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

ባሌስትራው ይግባ ማለት ነበረብኝ። ሰበብም አላጣም ነበር፤ ለጊዜው ይሄ ይግባና ሞላውን በኋላ እናስብበታለን ማለት ይበቃል። ግን ለምን ቸኮልክ ቢለኝስ? አባቴ ፊት ማንበብ ይችላል፤ በመስታወት የተሳፋሪ ፊት ሲያነብ ነው የኖረው። እንዳያነበኝ ፈራሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ከዚህ በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም። መኪናዋ ለኔ እንደምትቀር አውቅ ነበር። በሞላ የቆመች፣ ዝቅ ያለች፣ መንገዱን የያዘች መኪና አማረችኝ። አባቴ እየሞተ እኔን የመኪና አቋም አማረኝ። ልጅነት ነው ብዬ ላመካኝ እችላለሁ፤ አላመካኝም።

"ሞላው ይሻላል፣ አባዬ" አልኩት።

"ኦኬ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ አባቴ እጁን አጨብጭቦ። "ኦርደር አድርገው።"

መካኒኩ ጊዜ ለማትረፍ ብሎ የዚያኑ ዕለት አሮጌውን ባሌስትራ አወጣ፤ የሚታሰርበትንም ብረት በእሳት ቆርጦ ጣለው። የተቃጠለው ብረት ሽታ ልብሳችን ላይ ቤት ድረስ ተከተለን።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን እናያት ነበር። መጀመሪያ አባቴ በእግሩ ይዞራታል። ቀጥሎ በከዘራ። ከዚያ ከኔ መኪና መውረድ አቃተው፤ መካኒኩ እጁን እየጠረገ ወደ መስኮቱ ይመጣል። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ዕቃው ገና ነው አሉን። ስምንተኛው ላይ ገና ሁለት ሳምንት ታገሱ አሉ።

"ስማ" አለው አባቴ ያን ቀን። "ዌይት ማድረጉ ሰለቸኝ። አንድ ቀን ልንዳትና፣ የድሮውን መልሰህ ብታስገባልኝስ?"

"ወንድሜ፣ ማሰሪያውን ቆርጬዋለሁ እኮ።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለና መስኮቱን ዘጋ። ፓልምስ እስክንደርስ ሬዲዮውን ሲነካካ ነበር።

በዘጠነኛው ሳምንት አዲስ ነርስ ቤታችን ተላከች። እናቴ ሥራ ነበረች። እኔ ውሃ ላመጣ ወጥቼ ስመለስ፣ ነርሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ በዝግታ፣ በለሰለሰ እንግሊዝኛ፣ መጨረሻዎ እዚሁ ቤትዎ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት ወይስ ሆስፒታል ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ። አባቴም፣ "ሆም ኢዝ ጉድ። ታንክ ዩ" አላት፣ ተሳፋሪ እንደሚሸኝ አድርጎ።

ሸኝቻት ተመለስኩ። ዓይኑ ጣራው ላይ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ሞላውን ስንመርጥ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ሐሙስ ይደርስ ነበር እኮ" አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሐሙስ ይደርስ ነበር። እስከ ባሕሩ እንኳ እነዳት ነበር።"

ተንበርክኬ እግሩን ያዝኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። እግሩ ቀዝቅዞ አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር። መልስ ሳይሰጠኝ የእናቴ ቁልፍ በሩ ላይ ተሰማ።

"ተነስ" አለኝ በሹክሹክታ። "ፊትህን ጥረግ። እንዳወቅኩ ለእናትህ አትነግራትም። አትችለውም። ማልልኝ።"

ማልኩለት። እናቴ ቦርሳዋን እንደያዘች ገባችና እንዴት ዋልክ አለችው።

"ደህና ዋልኩ። ሞላው ሊደርስ ነው ተብሏል፤ ሲገባ መጀመሪያ የማንሸራሽረው አንቺን ነው።"

"ታዲያ! ቀዩን ቀሚሴን ነዋ የምለብሰው" አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በየቀኑ እንዲሁ ይባባሉ ነበር፤ የት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚበሉ። እኔ መሃላቸው ቆሜ ሁለቱንም እሰማ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ ሳይለኝ ሞተ። በአፉ አላለኝም ማለቴ እንጂ፣ በመጨረሻው ሳምንት ውሃ ሲጠጣ ብርጭቆውን ከኔ እጅ ብቻ ነበር የሚቀበለው። ዕቃው በሰልስቱ ማግስት ደረሰ። መካኒኩ እያለቀሰ ገጠማት። እኔ አንድ ቀን እንኳ ሳልነዳት ሸጥኳት።

እናቴ ዛሬም ሰው ስለ እሱ ሲያነሳባት፣ "ተመስገን፣ አልተሳቀቀም፤ ምንም ሳያውቅ ነው የሄደው" ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አይደል?" ትለኛለች።

"አዎ እማዬ" እላታለሁ። "ምንም አላወቀም።"