እርከን ላይ ያወጣሁት ምሥጢር

አዘዞ ከተከራየሁት ቤት አጠገብ መኪና የግንባታ ድንጋይ ሲያራግፍ፣ ኳኳታው ከዳባት በላይ ወዳለው ቀበሌያችን፣ ስንዴ ወደሚከፈልበት የሴፍቲኔት ሥራ ይመልሰኛል።

ከጥር ጀምሮ፣ የጎተራው እህል ሲሟጠጥ፣ እናቴ ከመንደሩ ሰው ጋር ተራራ ወጥታ እርከን ትሠራ ነበር። አባቴ ወገቡን ታሞ ስለተኛ የእሱንም ቀን የምትሸፍነው እሷ ነበረች፤ የቀረ ሰው ስንዴው ይቆረጥበታል። እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውኃ ይዤላት እወጣ ነበር፤ አፌ ፈጣን ስለነበር ትልልቅ ሰዎችን ሳይቀር አርም ነበር።

በመጋቢት እናቴ ነጠላዋን መታጠቅ ትታ ከፊት ለፊቷ ዘርግታ መልበስ ጀመረች። እርጉዝ ነበረች። በእኛ አገር እርግዝና በአፍ አይነገርም፣ ከተነገረ ጽንሱን ዓይን ይበላዋል ይባላል፤ ስለዚህ ሁሉም እያየ ሁሉም ዝም ይል ነበር። ነፍሰ ጡር ሳትሠራ ስንዴውን እንድትቀበል ደንቡ ቢፈቅድም፣ ለዚያ መናገር ያስፈልጋል፤ እናቴ ደግሞ ከመናገር ድንጋይ መሸከም ይቀላት ነበር። የቡድኑ መሪ አያ ፈንቴ ምስኪን፣ ወንድ ሆነው መጠየቁን አፍረው፣ «አንቺ ዛሬ ገመዱን ያዢልን» እያሉ የእርከኑ መስመር በሚለካበት ገመድ ጫፍ ያቆሟት ነበር። ልኬቱ ሲያልቅ ግን ወደ ድንጋዩ ትመለሳለች።

ሚያዝያ ላይ ድንጋይ እንደተሸከመች ተንበርክካ ስትቀር አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ደንግጬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አያ ፈንቴ፣ ምነው ዝም አሉ? እናቴ እርጉዝ ናት!» ብዬ ጮኽኩ።

አካፋና ዶማው ሁሉ ቆመ። አያ ፈንቴ መሬት መሬት እያዩ፣ «ሸጋ፣ ሰማን። በይ ወደ ቤት ውሰጃት» አሉ።

መንገድ ላይ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ቤት ተቀምጣ ስንዴውን ትቀበል ነበር፣ እኔም አዳንኳት ብዬ ኮርቼ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲያይል፣ ወንድ ልጅ ወለደች። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ፣ በትኩሳት ሞተ። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ የሳንባ ምች ነው ብላ ነበር። እናቴ አልወቀሰችኝም፤ እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ምላሴን ጠላሁት፣ የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ እያመንኩ ዝም የምል ልጅ ሆንኩ።

ዛሬ ያ ተራራ አፈሩን ይዟል፣ እርከኑ ላይ ሣር በቅሎ መንደሩ እያጨደ ከብት ያደልብበታል። እኔም የግብርና ባለሙያ ሆኜ በየቀበሌው እየዞርኩ፣ ሴፍቲኔት የሚሠሩትን ሴቶች ሰብስቤ «እርግዝናችሁን ቶሎ አስመዝግቡ፣ ዓይን የሚባል ነገር የለም» እላለሁ። ራሴ አምስት ወር ሆኖኛል። ባለፈው እሑድ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አየት አድርጋኝ፣ «ለመሥሪያ ቤትሽ ንገሪ እንጂ፣ መስክ መውጣቱን ይቀንሱልሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው ሰኞም ማክሰኞም አለፈ፣ እስካሁን አልተናገርኩም።