እንኳን ለግርዶሹ አደረሰዎ

ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሕንዳዊት ባልቴት የሚያከራዩት ክፍል ነበራቸው። ያን ክፍል ማግኘት ነበረብኝ። አክስቴ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት እያስታመመች እዚያው አሮጊቷ ቤት ታድራለች፤ እኔም የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን የጀመርኩት ከአክስቴ አልጋ አጠገብ በተዘረጋች ፍራሽ ላይ ነው። የአሮጊቷ ልጅ ግን «እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ» ብላለች።

ባልቴቷ በስልክ፣ «ማክሰኞ ነይ፤ ግን የዚያን ቀን የፀሐይ ግርዶሽ ስላለ...» ሲሉ ሳላስጨርሳቸው ጣልቃ ገባሁ።

«አውቃለሁ ሲኞራ! እንዲያውም ልክ በግርዶሹ ሰዓት እመጣለሁ!»

ዝም አሉ። ቆይተው «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ። ዝምታቸው አድናቆት መሰለኝ።

ለፈተና እንደምዘጋጀው ተዘጋጀሁ። በሕንዶች የቬዳ ኮከብ ቆጠራ ፀሐይን የሚውጣት ራሁ የሚባል፣ አካል የሌለው ጭንቅላት ነው። አማልክቱ ሞትን የሚያስቀረውን መጠጥ ሲጠጡ ተመሳስሎ መሃላቸው ገባ፤ ፀሐይና ጨረቃ አሳበቁበትና አንገቱ ተቀላ። መጠጡ ጉሮሮው ስለደረሰ ግን ጭንቅላቱ አልሞተም። ቂሙን ሊወጣ ፀሐይን ይውጣታል፤ ሆድ ስለሌለው በአንገቱ ሾልካ ትወጣለች። እኔም የማጠናው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሆንብኝ።

ይህን በቃሌ ያዝኩ። በዚያ ቀን ምን እንደማይደረግ ግን አላነበብኩም። ትልቅ ቀን ነው፤ ትልቅ ቀን ደግሞ እኛ ዘንድ በዓል ነው፤ በበዓል ሰው ቤት በባዶ እጅ አይኬድም።

አክስቴ ድፎ ዳቦ ጋገረችልኝ።

«እንቁላል እንዳይገባበት፣ አይበሉም» አልኳት።

«ድፎ ከመቼ ወዲህ ነው እንቁላል የሚገባበት? ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነው የሚያስተምሩሽ?»

በሩ ሲከፈት ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ የምግብ ሽታ የለም፣ ከእኔ ዳቦ በቀር። ጎንበስ ብዬ ድፎውን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

«አውጉሪ ሲኞራ! እንኳን ለፀሐይ ግርዶሹ አደረሰዎ!»

ዳቦውን አዩ። እኔን አዩ።

«ልጄ፣ እናንተ አገር ሰው ሲታመምም እንኳን አደረሰህ ትላላችሁ?»

አስገብተው ወንበር ሰጡኝ፤ ደንቡንም ነገሩኝ። በዚህ ሰዓት አይበሰልም፣ አይበላም፣ አዲስ ነገር አይጀመርም። አስቀድሞ የተሠራ ምግብ የተቀደሰ ቅጠል ጣል ይደረግበትና ይተርፋል፤ በመሃል ለመጣ ዳቦ ግን መድኃኒት የለውም። ስለ ክፍሉ ላነሣ ስል እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ፀሐይ የሰው እኔነት ናት። ስትሸፈን ሰው ዝም ብሎ ውስጡን ያያል።»

«አዎ፣ አንብቤያለሁ! ራሁ ደግሞ...»

«ዝም ብሎ» አሉ።

ዝም አልኩ። የበዓል ማዕዳቸውን በደንብ በልቼ እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ቁርሴን ሳልበላ ስለመጣሁ፣ ውስጤን ሳይ የታየኝ ዳቦ ብቻ ነበር።

ግርዶሹ ሲያልፍ መስኮቶቹን ከፈቱ፤ ታጥበውም መጡ።

«አሎራ፣ እንግዲህ በግርዶሽ የተጀመረ ነገር አይጸናም። ስለዚህ አልመጣሽም።»

ፍራሼና የወሩ መጨረሻ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። «አልመጣሁም?»

«አልመጣሽም። ፊትሽን ታጠቢ፣ ውረጂ፣ ከዚያ እንደገና ነይ።»

«ዳቦውስ?»

«እሱማ እንዳይመለስ።»

ድፎውን ታች ላሉት እርግቦች ቆረስኩላቸው፤ ራሁን የሚፈሩ አልነበሩም። አክስቴን እስከ ዛሬ «በጣም ወደዱልሽ» ነው የምላት። ከዚያ ደረጃውን ወጥቼ ደወሉን ተጫንኩ።

«ማነው?» አሉ፣ በሕይወታቸው አይተውኝ እንደማያውቁ።

«ክፍሉን ለማየት የመጣሁ ተማሪ ነኝ።»

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ምንም፣ ሲኞራ። ባዶ እጄን ነኝ።»

እናቴ ብትሰማ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ትል ነበር። ባልቴቷ ግን በሩን ከፈቱ፤ የክፍሉ ቁልፍ እጃቸው ላይ ነበር።