የአሥራ ዘጠኝ ቀን ሸክም

ሁለቱ እህትማማቾች ደሴቱን ከፀሐይ መውጫው ጠረፍ እስከ መጥለቂያው ጠረፍ በእግራቸው አቋርጠው ወደቡ ዳር ካለው የእንግዳ ማረፊያ ሲደርሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የተሰጣቸው ክፍል ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ ወንበርና አልገጥም ያለ መስኮት ነበረው። ታናሺቱ ፀጉሯን ልትታጠብ ወጣች። ታላቂቱ የጀርባ ቦርሳዋን አውርዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና «ይኸው፣ አንዴም ሳልነጫነጭ ጨረስኩት» አለች በሆዷ።

እንዲህ ማለቷ ያለ ነገር አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል ካውያ ይዛ የበሽተኛ አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ስትወጣ የሠራተኛ መኖሪያ ክፍሏን እስከ ወሩ መጨረሻ እንድትለቅ ተነገራት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያለቻት ይህችው ታናሿ ብቻ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ትዳር ይዘው የወጡላት፣ ገበያ መሀል ድንችና ሽንኩርት እየቸረቸረች የምትኖር። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷትም ታላቋ እስከ ዛሬ «ሚጣ» ነው የምትላት። ሚጣ ቤት አንድ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። ታላቂቱ ልትጠይቃት እያሰበች አፏ እየተያዘ ሲከርም፣ ሚጣ ራሷ ቀደመቻት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ልጆቼ የሄዱበትን የደሴቱን መንገድ አብረን እንሂድ። ተስማምተን ከጨረስነው ክፍሉ ያንቺ ነው» አለቻት። ቦርሳውንም ራሷ አሰናዳችላት።

ታላቂቱ ፈተናው የገባት በራሷ መንገድ ነው፤ በሰው ላይ ሸክም አለመሆን። በሁለተኛው ቀን ትከሻዋ ሲላጥ ዝም አለች። በአምስተኛው ቀን ቦርሳው እንዲቀላት ትርፍ ጫማዋን ለአንዲት መንገደኛ ሰጠች። በዘጠነኛው ቀን ሹራቧን ጠርዙን ከጠርዙ አጋጥማ፣ የለመደ እጅ ነውና አሳምራ አጥፋ፣ አንድ ቋጥኝ ላይ ትታው ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት ሙሉ ጥርሷ ሲንገጫገጭ አደረ። ሚጣ በየቀኑ «ከበደሽ እንዴ እትዬ?» ትላለች። እሷም በየቀኑ «ምን ይከብደኛል! አንቺ ራስሽን ቻዪ» ትላለች።

አሁን አሸዋውን ልታራግፍ ቦርሳዋን ገለበጠችው። ዕቃው ሁሉ ወጥቶ እንኳ ከበዳት። ከታች በኩል አይታው የማታውቀው ትንሽ ዚፕ አለ። ሳበችው። በማዳበሪያ ጨርቅ የተጠቀለለ የሁለት ኪሎ የሚዛን ብረት አልጋው ላይ ዱብ አለ።

ሚጣ ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥማ ስትገባ አየችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሚዛን ብረት ነዋ። ከሱቄ ነው።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ የከተትኩት። የተነሣን ዕለት።»

ታላቂቱ ቃል የተገባላት ክፍል ትዝ አላትና ለመሣቅ ሞከረች። «አይ አንቺ! አሁንም ልጅነትሽ አልለቀቀሽም። እንዲህ ያለ ቀልድ አለ?»

«ቀልድ አይደለም። አንድ ቀን ‹ሚጣ፣ ከበደኝ፣ ያዢልኝ› ብትዪኝ አውጥቼ ገደል ልወረውረው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩሽ።»

«ሹራቤን ስጥል እያየሽ?»

«እያየሁ።»

«ብርድ ሲያንዘፈዝፈኝ?»

«አለቀስኩ እንኳ። ግን ዝም አልኩ። ዝም ማለትን ከማን የተማርኩት ይመስልሻል?» ሚጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ኦፕራሲዮን መሆንሽን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያውም ሽንኩርት ልትገዛ ከመጣች የሆስፒታላችሁ ፅዳት ሠራተኛ። ‹እህትሽ ተሻላት?› አለችኝ። ‹አዎ፣ ተሻላት› አልኳት። ምንሽን እንዳመመሽ እንኳ ሳላውቅ!»

«እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነዋ።»

«ገበያ መሀል አዋረድሽኝ።»

ታላቂቱ ብረቱን በጨርቁ መልሳ ጠቀለለችው። መንገዱን ሙሉ ስትራመድ ያጽናናት ሚጣን ያሳደገችበት ያለፈው ዘመን ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ ሚጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሕፃኗ የውኃ ጀሪካን ስታነሣ «ተይው፣ አትችይም» እያለች ከእጇ ትቀማት ነበር። ሚጣ የመጀመሪያ ደመወዟን ይዛላት ስትመጣም «ለራስሽ ጫማ ግዢበት» ብላ መልሳላታለች። ያን ዕለት ልጅቷ በር ላይ ምን ያህል ቆማ እንደቀረች ዛሬ ነው ልብ ያለችው።

«ሚጣ» አለች። «መግቢያ የለኝም። ክፍሉን ስጪኝ። እለምንሻለሁ።»

«ቸግሮሽ ነው።»

«ሰው ሲቸግረው አይደል የሚለምነው?»

«እሱስ ልክ ነሽ።» ሚጣ ፎጣውን ከራሷ ፈታችው። «ግን እፈራሻለሁ፣ እትዬ። ገና ከመግባትሽ ማማሰያውን ከእጄ ትቀሚኛለሽ። ምራቶቼ ፊት ሚጣ ታደርጊኛለሽ። እኔኮ አያት ልሆን ነው።»

«አላደርግም።»

«ታደርጊያለሽ።»

ታላቂቱ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። እግሯ አብጦ፣ ወገቧም አልታጠፍ ብሎ ጣቷ ክሩ ጋ አልደረሰም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከነጫማዋ ትተኛ ነበር።

«ጫማዬን ፍቺልኝ» አለች።

ሚጣ ወጥታ በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዛ ተመለሰች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የቀኝ ጫማዋን ክር አንድ በአንድ አላላችው። ካልሲው ከተረከዟ ቁስል ጋር ደርቆ ተጣብቋል። ውኃ እያፈሰሰች፣ ለአራስ ልጅ እንደሚደረገው ቀስ እያለች ላጠችው።

«ያማል?»

«ያማል።»

ሚጣ ቁስሉን እፍ አለችበት። እግሯን በራሷ ፎጣ አደረቀችና ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች።

«መርከቡ ነገ ጠዋት ነው። እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ አሁንም እፈራሻለሁ። አንቺ እግርሽ እስኪሽር እዚሁ ቆዪና ቤት ፈልጊ።»

«የት?»

«እንጃ» አለች ሚጣ። የግራ እግሯን አነሣችና ክሩን መፍታት ጀመረች።