የተተኮሰው ጤነኛው ጉንጬ

ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መቱ ከተማ ላይ የደረሰብኝ ነው። ዛሬ አርጅቼ እንኳ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሠርጌ ሦስት ወር ቀርቶታል። አንድ ጠዋት ስነሳ አፌ ወደ ቀኝ ተጣሟል። ውሃ ስጎነጭ በግራ በኩል ይፈሳል፤ ግራ ዓይኔም አልከደን አለኝ። እናቴ አይታኝ ጮኸች። ጋኔን በጥፊ ብሏት ነው ተባለ።

አባቴ ወጌሻውን ጋሼ ደምሴን ከሁሩሙ አስጠራ። ሰውየው የወለቀ ትከሻ በመመለስ ስሙ የገነነ ነበር። ጉንጬን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ "የተጣመመው ቀኙ ነው፤ ከጆሮዋ ሥር መተኮስ አለበት" አለ።

"ኧረ ጋሼ፣ አልታዘዝ ያለኝ ግራው ነው! ቀኙ ደህና ነው" አልኩ።

"አንቺ ፊትሽን የት አየሽውና? የምናየው እኛ ነን!"

አባቴ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አጥብቆ ያዘ። የጋለው ብረት ሦስት ጊዜ አረፈብኝ። የገዛ ሥጋዬ ሲቃጠል ሸተተኝ።

ቁስሉ ሲመግል ሰነበተ፤ አፌ ግን ቀጥ አለ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እናቴ የሰውየውን ጉልበት ስማ፣ "ገለቶማ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን" አለች። እኔ ግን አሁን ቀኙም እንደ ግራው አልንቀሳቀስ ብሎኛል። መሳቅ ቀርቶ ከንፈሬን መግጠም አቃተኝ። ማን ይስማኝ?

ከሁለት ወር በኋላ ግራው በራሱ ጊዜ ዳነ፤ አፌም ወደ ግራ ሄደ። ጋሼ ደምሴ፣ "በሽታው ዞረ" ብሎ ብረቱን ይዞ ተመልሶ መጣ። ይሄኔ እሳቱ ላይ ውሃ ደፍቼ ጎሬ ወደምትኖረው አክስቴ ሸሸሁ። ሠርጉም በዚያው ቀረ።

ጎሬ ላይ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አየኝ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በጆሮ ሥር እንደሚወጣ በአስተርጓሚ ነገረኝ። "የታመመው ጎን ይላላል፤ አፍን ወደ ራሱ የሚጎትተው ጤነኛው ነው። ግራሽ ማንም ባይነካሽም ይድን ነበር። ቀኝሽን ግን ብረቱ ገድሎታል" አለኝ።

ከብረቱም ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ የጋሼ ደምሴ ቀብር ነው። ጥርሴን ነክሼ ቆሜ ነበር እንጂ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣሁለትም። ግን ቀኝ ዓይኔ ስለማይከደን በራሱ ያነባል። ያዩኝ ሴቶች፣ "አይ እሷ! ውለታ ታውቃለች፤ ያኔ አፏን ያቀናላት እሱ አይደል?" ተባባሉ።