አማቴ ለእርጅናቸው የተከሉት ባሕር ዛፍ

አማቴ ባሕር ዛፍ የተከሉት ለእርጅናቸው ነው። ከአርብ ገበያ ከተማ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው አገራቸው፣ ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ያለውን ተዳፋት በሙሉ ሸፍነውት ነበር። ከወለዷቸው ልጆች የተረፈው ባለቤቴ ብቻ ነው፤ እሱም መምህር ሆኖ ከተማ ገባ። ማረስ ሲያቅታቸው ማን እንደሚጦራቸው የሚጠይቃቸውን ሰው ወደ ተዳፋቱ ያሳዩት ነበር። “ጉልበቴ ሲደክም ጥቂት ጥቂት እየሸጥሁ እበላለሁ፤ የቀረው ለተዝካሬ ይሆናል” ይላሉ። መንግሥት ለገበሬ ጡረታ የለውም። የእሳቸው ጡረታ ያ ተዳፋት ነበር።

እኛ አርብ ገበያ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበርን። ደርግ ትርፍ ቤት ከወረሰ ወዲህ አከራይ ማለት ቀበሌ ነው፤ ቀበሌ ደግሞ ሲሻው ያስገባል፣ ሲሻው ያስወጣል። የመጀመሪያ ልጄን በሆዴ ይዤ ሳለሁ ቤቱ ለአንድ ካድሬ ስለተፈለገ ልቀቁ ተባልን። ያን ሰሞን ወደ ሌላ አገር የተዛወረ ጎረቤታችን ቤቱን ሊሸጥ መሆኑን ሰማን። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የሚሸጠው እንጨቱና ቆርቆሮው ነው። ቢሆንም ቤት ነው፤ ማንም ውጡ የማይልበት። ያለንን ሁሉ ብናሰባስብ አልሞላ አለን። ባለቤቴ በየወሩ ከደመወዙ የሚቆረጠውን የጡረታ መዋጮ እንዲመልሱለት ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ሥራህን ካልለቀቅህ አይሆንም ብለው መለሱት። ሥራውን ለቆ ምን ሊበላ ነው? ቆርቆሮ አይበላ!

አማቴ አርብ አርብ ለገበያ ሲመጡ አህያቸውን የሚያስሩት እኛ ደጅ ነበር። ነገሩን ከእኛው ሰሙ። በሚቀጥለው አርብ አንድ የእንጨት ነጋዴ አስከትለው መጡ።

“አባየ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?” አላቸው ባለቤቴ።

“ያንተው መሥሪያ ቤት እንቢ ቢል የኔው እንቢ አይልም” አሉት።

ነጋዴው ዛፉን አይቶ ነበርና ሳይሸሽግ ነገራቸው። ገና ቀጭን ነው፤ ለማገርና ለአጥር ካልሆነ ለምሰሶ አይበቃም፤ ጥቂት ዓመት ቢታገሡ እጥፉን ያወጣል። አብሯቸው የመጣ የአገራቸው ሰውም “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አላቸው። አማቴ ቆጣ ብለው ወደ እኔ እያሳዩ፣ “ዛፉ እስኪወፍር ይቺ ልጅ መውለጃዋን ታቆይልህ?” አሉት። እኔም ይተዉ አላልኳቸውም። ቤቱን ፈልጌዋለሁ፤ ዛሬም አላፍርበትም። ነፍሰ ጡር ሆኖ ማደሪያ መፈለግን የማያውቅ ይፍረድብኝ።

ሲቆረጥ ባለቤቴ አብሯቸው ነበር። ሽማግሌው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተከተሉ መጥረቢያ የያዙትን ሲነዘንዙ መዋላቸውን ነገረኝ። ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ውኃ ከተኛበት ጉቶው ይበሰብሳል፣ ልጡን ወደ ታች አትግፈፉ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና ጉቶው ደህና ከሆነ ጡረታቸው እንደገና ይበቅላል። ከሁሉም ቀጥ ያሉትን ሁለቱን ግን አላስነኩም። “እነዚህ ለቃሬዛዬ ናቸው” አሉ። በእኛ አገር ሬሳ የሚሄደው ሁለት አጣና መሐል በተወጠረ ቃሬዛ ነው። ሽማግሌው ከሰው አጥር በተነቀለ እንጨት ሬሳቸው እንዲሄድ አልወደዱም።

ቤቱን ገዛን። ከጀርባው አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረችና የአባየ ክፍል አልናት። ጭቃውን በጭድ ራሳቸው አቡክተው ግድግዳውን ለሰኑ፤ መደቡንም ራሳቸው ሠሩ። ሲደርቅ በጀርባቸው ተዘርግተው ለኩት። ረጅም ሰው ነበሩ፤ አናታቸው ከአንዱ ጫፍ፣ ተረከዛቸው ከሌላው ገጠመ።

“ታዲያ ዛሬውኑ ለምን አይቀሩም?” አልኳቸው።

“እስቲ ጉቶው ያቆጥቁጥ። ባዶ እጄን ልጦር አልመጣም፣ ልጄ።”

ጉቶው አቆጠቆጠ። ቀንበጡ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ግን የመንደር ምሥረታ መጣ። በየተዳፋቱ ተበትኖ የኖረውን ገበሬ ቤትህን አፍርሰህ ሜዳው ላይ በመስመር ሥራ አሉት። አማቴም የኖሩበትን ቤት በገዛ እጃቸው አፈረሱ። ቀንበጡን አዲሱ መንደር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሁሉ ለማገር ጨረሰው። ሰው ምን ያድርግ፣ እንጨት ከየት ያምጣ? ሁለቱን ዛፎች የወሰደው ግን የገበሬ ማኅበሩ ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ ግራና ቀኝ ተክሎ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ወጠረባቸው። አማቴ ማንበብ አይችሉም፤ እኔ አንብቤዋለሁ፣ ስለ ብሩህ ተስፋ ነበር።

አሁን እንኳ ይምጡ ብለን ለመንናቸው። “ምን ይዤ?” አሉ። በየቀኑ ከአዲሱ መንደር እየተመለሱ ጉቶዎቹን አፈር ያለብሷቸው ነበር። ተናደድኩባቸው። ኩራታቸው አንገበገበኝ። ጡረታቸውን የበላነው እኛ፣ የሚያፍሩት እሳቸው!

በአንዱ ክረምት ታመሙ። ወንዙ ሞልቶ ወሬው እስኪደርሰን ሰነበተ። ባለቤቴ ሲደርስ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ሥጋቸው አልቆ አጥንታቸው ቀርቷል። ወደ እኛ ሊያመጣቸው ቢል በዚያ ሁሉ መንደር ለቃሬዛ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ጠፋ። ጎረቤቶቻቸው እርስ በርስ ተያዩና የመፈክሩን ጨርቅ አውርደው ሁለቱን አጣናዎች ነቀሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይቆጣል ብለው ሲፈሩ እሱው መጥቶ አንዱን ጫፍ ተሸከመ።

መንገድ ላይ አማቴ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው እንጨቱን ዳበሱት።

“ይኸ የኔ ነው” አሉ።

“አዎ፣ አባየ” አላቸው ባለቤቴ።

“ገና መቼ ሞትሁና ነው ያወጣችሁት?”

ተሸካሚዎቹ ጭቃውን እያዩ ሄዱ።

እኔ ክፍላቸውን ጠርጌ፣ መደቡ ላይ የበሬ ቆዳ ጀንዲ አንጥፌ ጠበቅኳቸው። ስናስተኛቸው አናታቸውን ከላይኛው ጫፍ አደረግንላቸው። እግራቸው ከታችኛው አልደረሰም። ተረከዛቸው ወዲያና ወዲህ እያለ ጫፉን ሲፈልግ አየሁት።

“ልጄ” አሉኝ፣ “መደቡን ማን አስረዘመው?”

ከሠሩት ወዲህ አንድም እጅ አልነካውም። እንባዬ መጣብኝ።

“እኔ ነኝ፣ አባየ። እንዲመችዎ ብዬ” አልኳቸው።

“ደግ አደረግሽ” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሳምንቱን አልጨረሱም። ቃሬዛው እንደመጣ ደጃችን ላይ ተደግፎ ስለነበር እንጨት ፍለጋ የሄደ ሰው የለም።