ያላየችው ቋጠሮ

ሹራብ ሠሪዋ ሰው ፊት አፏን ለመክፈት የምታፍር ሴት ነበረች። ፊደል ቆጥራለች፤ አንድ ገጽ ለማንበብ ግን ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች። ስለዚህ በሹራብ መሥሪያ ክፍላቸው በምሳ ሰዓት የልብስ ቁልፍ ተካይዋ ልብ ወለድ ጮክ ብላ ስታነብ፣ እሷ ግድግዳ ተደግፋ እጅጌ እየሠራች ትሰማለች።

መጽሐፉ ስለ እነሱው ሙያ ነው። አንዲት ክር ሻጭ ሱቋ ውስጥ በሱፍ ክር ታንቃ ትገኛለች፤ አንዲት ሹራብ ሠሪ ባልቴት ገዳዩን ፍለጋ ትነሳለች።

“ቆይ ቆይ፣ በአንድ ክር?” አለች ልብስ ተኳሿ። “እኛ በጥርሳችን የምንበጥሰውን! ደራሲው ክር ያየው ካልሲው ሲተረተርበት ነው።”

“ባልቴቷ ደግሞ በአንድ ቀን ሙሉ ሹራብ ጨረሰች ይላል። እሷን እዚህ ቢቀጥሯት ጦማችንን ባደርን!” አለች ሌላዋ።

ሳቁ።

“ደራሲው የሠሪ እጅ ግን ያውቃል” አለች ቁልፍ ተካይዋ። “ስትናደድ ክሩ ይጠብቅባታል ያለው እውነት አይደል እንዴ?”

ንባቧን ቀጠለች። ባልቴቷ ገዳዩን ያወቀችው በቋጠሮ ነው። ጥለት ይኮረጃል፤ የጫፍ ቋጠሮ ግን ከሰው ሰው አይገጥምም።

ግድግዳ የተደገፈችው ሹራብ ሠሪ ክው አለች።

ከአራት ዓመት በፊት ልጇ እሷ የሠራችለትን ሹራብ ለብሶ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ወንዝ የተፋው አስከሬን ተገኘ። ፊቱ የሚለይ አልነበረምና ሹራቡን አሳዩዋት። ቀለሙንና ጥለቱን አይታ “የልጄ ነው” ብላ ወደቀች፤ ተቀበረ። ያንን ቀለም በዚያ ጥለት ግን በዚያ ዓመት ይኸው ክፍል ስንት መቶ ሠርቶ ሸጧል! እጅጌውን ገልብጣ ቋጠሮውን አላየችም። ሙያዋ ሆኖ አላየችም።

በማግስቱ አስፈቅዳ፣ ሹራቡን ወዳስቀመጠችላት ታላቅ እህቷ ሄደች። መንገዱን ሙሉ “አሁን እኮ ጺም አብቅሎ ይሆናል” እያለች ነበር።

“ምን ሊበጅሽ ነው፣ እህቴ?” አለች ታላቋ፣ ፌስታሉን ከሣጥን ሥር እየጎተተች።

“አንዴ ልየው ብቻ።”

እሷ ክሩን ሁለቴ ጠምዝዛ ወደ ግራ ነው የምትቋጥረው። እንዲህ የሚቋጥር ሌላ የለም፤ አለቃዋ ስለሚቆጣትም ለሽያጭ በሚወጣው ላይ አትቋጥረውም፣ ለልጇ በሠራችው ላይ ብቻ እንጂ። የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀችው። ሁለት ዙር። ወደ ግራ።

እህቷ ጎንበስ ብላ፣ “እሱ ነው?” አለች።

“እሱ ነው።”

በልቧ ዳግመኛ ቀበረችው፤ አሁን ለቀስተኛ የለም፣ ድንኳን የለም።

መጽሐፉ በሳምንቱ አለቀ። ገዳዩ ተያዘ፣ የመጽሐፉ ሰዎችም ሻይ ጠጥተው ተሳሳቁ።

“አንቺስ እታለም፣ እንዴት አገኘሽው?” አለች ቁልፍ ተካይዋ።

ሁሉም ዞሩባት።

“ቋጠሮው ልክ ነው” አለች መሬት መሬት እያየች።

“ሌላውስ?”

“ሟቿ… እናት የላትም እንዴ?”

ቁልፍ ተካይዋ ገጾቹን ወደ ኋላ ገላለጠች።

“የለችም። አልጻፋትም።”